አንካሳዋ ላ

እኔንና ጊዶንን ሊለያየን የነበረው አንድ ፊደል ነው ብል ማን ያምነኛል? እናቱ አይደሉም፤ አባቴም አይደለም። እነሱማ የሚቻላቸውን ሁሉ ሞክረው አቅቷቸዋል። እኔ ታሪኳ፣ ፊደል አስተማሪ ነኝ ባይዋ፣ በገዛ ተማሪዬ ፊደል ተሰናከልኩ።

ከመኪናዋ ልጀምር፤ ያለ እሷ ነገሩ አይያያዝም። አርባ ዓመት ያለፋት ፔጆ ተንደር ናት። ከፊት ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አንድ ረጅም ወንበር፣ ከኋላ ክፍት መጫኛ። የጊዶን አባት ጋሽ አምባቸው በሱዳን በኩል በእግራቸው መጥተው፣ ክፋር ዮና አጠገብ ባለ የብርቱካን እርሻ ሃያ ዓመት ሲሠሩ በእሷ ነበር የሚመላለሱት። እሳቸው ሲሞቱ የእርሻው ባለቤት ጊዶንን «አባትህ ከእኔ ይልቅ እሷ ላይ ተቀምጧል፤ ውሰዳት» አለው። ጊዶንም አስጎትቶ አመጣትና ነቬ ኢታማር ካለው፣ እነሱም እኛም ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር አቆማት። ዝገቷ በጣት ሲነኩት ይረግፍ ነበር። የሕንፃው ኮሚቴ ኃላፊ ኒሲም በየሳምንቱ ብቅ እያለ «ይህን ሬሳ መቼ ነው የምትቀብረው?» ይለዋል። ጊዶን ይስቃል። ተናዶ ሲመልስ አይቼው አላውቅም፤ የምናደደው እኔ ነኝ።

እኔ የሶፋና የመኪና ወንበር የሚያለብስ ቤት ውስጥ ሰፊ ነኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከኮፈኑ ሥር ብቅ አለ። እጁ ግሪስ በግሪስ ስለነበረ ለሰላምታ ክርኑን ዘረጋልኝ። ክርኑን ያዝኩት። ሞኝነቴ፣ ወዲያው አለቀቅኩትም።

«ወንበር ታለብሻለሽ አሉ። ይቺን እስቲ እያት፤ ትድናለች?» አለኝ።

«አንተ ራስህ ትድናለህ?» አልኩት። ላቡ ፊቱ ላይ ባለው አቧራ መሀል መንገድ ሠርቶ ነበር።

እየሳቀ ዐይን ዐይኔን አየኝ። እኔ ደግሞ ወንበሩን ሳላይ «ትድናለች» አልኩ።

እሱ የሚሠራው አውቶቡስ የሚጠገንበት ሙሳኽ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ተንደሯን ሲቀጠቅጥና ሲበይድ ውሎ ከሰዓት በኋላ ይገባል። እኔ ዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ፣ እሱ ዘጠኝ ተኩል ይሄዳል። በቀን ግማሽ ሰዓት ነበረን ማለት ነው። የቀረውን በወረቀት ነበር የምንጨርሰው። ወረቀቱን አጣጥፈን ዳሽቦርዱ ላይ ባለው የሲጋራ መተርኮሻ ውስጥ እንተዋለን። የመጀመሪያውን በዕብራይስጥ ጻፈልኝ። «በዕብራይስጥ የሐኪም ወረቀት ነው የማነበው፤ የልብህን ከሆነ በአማርኛ ጻፍ» ብዬ መለስኩለት። ጉራዬ ነው እንጂ ገብቶኝ ነበር።

እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አማርኛው ከእናቱ የለመደው የጎንደር አማርኛ ነው፤ ለጆሮ ይጥማል። ፊደል ግን አንድም አያውቅም። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ የፊደል ገበታ ገዝቶ የመኪናዋ ኮፈን ውስጥ ለጠፈው። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲፈታ «ለ ሉ ሊ ላ» እያለ ነው። ኒሲም ጸሎት መስሎት አንድ ሁለቴ አሜን ብሏል።

የጻፈልኝን በልብስ ሰፊ ጠመኔዬ እያረምኩ አሳየው ነበር። ሁልጊዜ የሚሳሳተው ል እና ላ ላይ ነው። አንድ ቀን «ሻይ ላጠጣ ሄጃለሁ» የሚል ወረቀት አገኘሁ። ራሱ ሊጠጣ መሆኑ ነው። ከሥሩ «ማንን ነው የምታጠጣው? ስሟን ንገረኝ» ብዬ ጻፍኩበት። በማግሥቱ ያችን ግማሽ ሰዓታችንን ፊደሏ ላይ አጠፋናት።

«እያት፣ ል በሁለት እግሯ የቆመች ናት። ላ ግን አንዱ እግሯ አጥሮባት ታነክሳለች። አንካሳዋ ላይ ስትደርስ አፍህን ክፈት» አልኩት።

«አንካሳዋን ባየሁ ቁጥር አንቺን አስባለሁ።»

«እኔ አላነክስም።»

«አውቃለሁ። ስትሄጂ ስንቴ አይቼሻለሁ።»

ያን ቀን ደረጃውን ስወጣ እግሬ እንዴት እንደሚራመድ ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ አንዲት ላ አላበላሸም፤ የተሸወድኩትም በዚህ ነው።

የድሮውን ወንበር ስፈታ ከቆዳው ሥር በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ አገኘሁ። ተጣጥፎ የክንድ ያህል ይረዝማል፤ በወፍራም ክር፣ በወንድ እጅ የተሰፋ። ማን እንደሰፋው አላወቅኩም፤ ጊዶንንም አልጠየቅኩትም። የእኔ አለቃ ቢያየው ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚጥለው። እኔ የሰው ድካም መጣል አልወድም። አጥቤ፣ አዲሱን ወንበር ሳለብስ በበሩ በኩል የሚቀመጥ ሰው እጁን በሚያሳርፍበት ጠርዝ ላይ ሰፋሁት። ቀለሟንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጊዶን ሰማያዊ ይሁን ሲል እኔ የነጭ ጤፍ ቀለም አልኩ። ቀለም ቀላቃዩ ጤፍ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ እፍኝ ጤፍ በከረጢት ወሰድኩለት። ሰውየው ጤፉን ወረቀት ላይ በትኖ ግማሽ ቀን ሲያስተያይ ዋለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዶን አንድ ቀን እንኳ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ነን። እሱ ዕቃ ይዞልኝ ቢወጣ እንኳ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይቆማል።

ምክንያቱ የአባቴ ስም ነው። አባዬ ወልደ ማርያም ይባላል። እኛ የመጣነው ዘግይተን፣ በአውሮፕላን፣ አያቶቻቸው ክርስትና ተነሥተው እነሱ ወደ አይሁድነት ከተመለሱት ሰዎች ጋር ነው። ስንመጣ መዝጋቢው «ያኮቭ» ብሎ ጻፈው። አባዬ በዚህ ስም ሲጠሩት አይሰማም። ክሊኒክ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ያኮቭ» ብለው ቢጣሩ ጭጭ ብሎ ይቀመጣል፤ ተራው ያልፈዋል። «ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት። እሷ ከመቃብር ተነሥታ ካልለወጠችው ማንም አይለውጠውም» ይላል።

የጊዶን እናት እማማ ሻሺ ደግሞ ሱዳን በረሃ ላይ ልጃቸውን ቀብረው የመጡ ናቸው። የዛሬ ዓመት እዚሁ ሕንፃ ሐዘን ቤት ተቀምጠን፣ አባዬ ለሰላምታ እጁን ቢዘረጋላቸው፣ «ወልደ ማርያም ከሚሉት ሰው ጋር ምን አለኝ? ስሙ ራሱ ቤተ ክርስቲያን ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሰው ሁሉ ሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባዬ ቤት ሲገባ ማለ፤ «እሷ ስሜን በክብር ጠርታ ደጄን ሳትረግጥ፣ ልጇ ደጄን አይረግጥም።» እማማ ሻሺም በበኩላቸው ራማት ፖሌግ የምትኖር ፀደኒያ የምትባል ቆንጆ ለልጃቸው እንደመረጡ ሕንፃው ሁሉ ያወራ ነበር። ጊዶንን ስጠይቀው «እማዬ ትመርጣለች፤ እኔ አልመረጥኩም» ይለኛል። አምነዋለሁ። ግን ደግሞ ልጅቷን አንድ ቀን ከሩቅ አይቻታለሁ፤ ክፉ ቁመት የላትም።

ወሬዬን ላሳጥር። ረቡዕ ለት ዘጠኝ ሰዓት ስደርስ ጊዶን የለም። ተንደሯ ተቀብታ አልቃ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ ታበራለች። መተርኮሻውን ሳብኩት። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ታሪኳ፣ እማዬ ነገሩን ጨርሳለች። ቅዳሜ ሻባት ሲወጣ ላገባ ነው። ሳላማክርሽ ስለሆነ እንዳትቆጪኝ። ለአባትሽ አንቺ ንገሪልኝ። ጊዶን»

ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛውን አልቻልኩም። ራሴ ባለበስኩት ወንበር ላይ ተቀምጬ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ከሁሉ የቆጨኝ «ለአባትሽ ንገሪልኝ» ማለቱ ነው። ምን ብዬ ልንገረው? አባዬ፣ እውነትህን ነበር፣ እኛ ለእነሱ ሰው አይደለንም ልበለው? እዚያው ሆኜ በሌላ ወረቀት ላይ በጠመኔዬ መልስ ጽፌ መተርኮሻው ውስጥ ተውኩ፤ «ይቅናህ። ወንበሩ አልቋል። ከእንግዲህ እታች አልወርድም።» ስልኬን ዘጋሁት። ለአባዬ ምንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ሐሙስና ዓርብን እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልነግራችሁም። አባዬ «አመመሽ?» ይለኛል፤ «ጉንፋን ነው» እለዋለሁ።

ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ሻባት ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ከታች ክላክስ ተነፋ። ድምፁን አወቅኩት፤ ሲጠገን አብሬ ነበርኩ። በረንዳው ላይ ወጥቼ ባይ፣ የጤፍ ቀለሟ ተንደር መስታወቷ ላይ ነጭ ጥብጣብ ታስሮባት ገብታ ቆመች። ጊዶን ሸሚዝ ለብሷል። አጠገቡ ሻባትን ቤታቸው የዋሉበት አጎቱ ጋሽ ይታየው፣ በበሩ በኩል እማማ ሻሺ ነጭ በነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሠርጉን በእኔ ደጅ ሊያሳልፍ ነው የመጣው አልኩ። የጻፈልኝን ወረቀት ሁሉ በፕላስቲክ ከረጢት ሰብስቤ፣ ፀጉሬን እንኳ ሳልነካ፣ በቤት ጫማ ወረድኩ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ጊዶን» አልኩት።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለኝ። ፊቱ በሙሉ ይስቃል። እንዲህ ያለ ጭካኔ የት ተማረ አልኩ በልቤ።

«ሙሽራዋንስ የት ጣልካት?»

«የቷን ሙሽራ?»

«ፀደኒያን ነዋ። ወይስ ከሷ ሌላም አለች?»

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። አጎቱን አየ፣ እኔን አየ፣ የቤት ጫማዬን አየ። «ታሪኳ፣ ለአባትሽ አልነገርሽውም እንዴ? ይቅናህ ብለሽ መርቀሽኝ የለም? ከእንግዲህ እታች አልወርድም ስትዪ፣ በቃ ከእንግዲህ እላይ ነው የምንገናኘው ማለቷ ነው ብዬ እኔማ ዘለልኩ።»

ወረቀቱን ከከረጢቱ አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁት። «አንብበው። ጮክ ብለህ።»

«ቅዳሜ ሻባት ሲወጣ ልገባ ነው» ብሎ አነበበ። «ቤታችሁ ልገባ ነው ማለቴ ነው። በአባትሽ ደጅ ልገባ። ሌላ ምን አለ?»

«ልገባ አይልም።»

«ልገባ ነው የሚለው።»

«እየው፣ ጊዶን። ደኅና አድርገህ እየው።»

ወደ ተንደሯ ሄዶ ኮፈኑን ከፈተ። የፊደል ገበታው እዚያው ነው። ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኝ ጣቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቆጠረ፤ ለ፣ ሉ፣ ሊ። አራተኛዋ ላይ ጣቱ ቆመ።

«አንካሳዋ ናት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ፓራፋንጎው ላይ ተደገፍኩ። ጊዶን ኮፈኑን ሳይዘጋ ወደ እኔ ዞረ፤ ዐይኑ እንባ ሞልቷል።

«እማዬ ሽማግሌ ደጅ ሳይረግጥ ልጅቷን ዐይኗን እንዳታይ፣ እንዳትደውል፣ ነውር ነው አለችኝ። ወረቀቷን ለምኜ ነው ያስፈቀድኩት። እሷኑ አበላሸኋት። ግን አንቺ ታሪኳ፣ ስንት ወር ሙሉ ስታርሚኝ የኖርሽ፣ እኔ ሌላ ሴት አገባለሁ ብለሽ እንዴት አመንሽ?»

ይቺ ጥያቄ ናት የጎዳችኝ። ተሳስተህ ነው ብዬ ልሸሽ እችል ነበር። አልሸሸሁም።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትተወኛለህ ብዬ ስጠብቅ ስለነበረ ነው» አልኩት። «ያንተ ሰዎች አንድ ቀን አሸንፈው ይወስዱሃል እያልኩ በየቀኑ እፈራ ነበር። ወረቀቷን ሳያት፣ ይኸው መጣ አልኩ። ስለምወድህ ነው ያመንኩት፤ ባልወድህ ኖሮ ፊደሏን አስተውላት ነበር።»

እንደምወደው ስነግረው የመጀመሪያዬ ነበር። በአጎቱና በእናቱ ፊት፣ በቤት ጫማ።

ጋሽ ይታየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አባትየው አልተነገረውም ማለት ነው። ያልተነገረው ሰው ደጅ አይመታም፤ ነውር ነው። እንመለስና ሌላ ቀን እናስቆርጥ።»

ሁለቱን ኩሩዎች፣ አባዬንና እማማ ሻሺን፣ አውቃቸዋለሁ። ዛሬ ከተመለሱ ሌላ ቀን የሚባል ነገር የለም።

የተንደሯ በር ድምፅ ተሰማ። እማማ ሻሺ ወረዱ። አጠገቤ መጥተው እጄን ያዙና መዳፌን ገልብጠው አዩት። መርፌ የጠቀጠቀው እጅ ነው።

«ማክሰኞ ለት ባንቺ ነገር ጊዶንን ልቆጣው ነበር የወረድሁ» አሉኝ። «ጉልበቴ ሲዝል መኪናይቱ ላይ ተቀመጥሁ። እጄን ባሳርፍ ፈትል ነካኝ። ልጄ፣ የገዛ ፈትሌን ጣቴ አይስተውም። እኔ ፈትዬ አምባቸው የሸመናት ጋቢ ናት። በረሃ ላይ ልጃችንን በግማሷ ገነዝናት። ግማሷን ባየኋት ቁጥር ሳለቅስ ጊዜ አምባቸው ወስዶ ደበቃት፤ የት እንዳደረሳት ሳይነግረኝ ሞተ። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ላይዋ ተቀምጦ ይሠራ ኖሯል።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ያቺን ጨርቅ ያልጣለች እጅ የማን ዘር ናት ብዬ አልጠይቅም።»

እጃቸውን ሳምኩ። ጊዶን ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ነበር።

«እኮ እንመለስ» አሉ ጋሽ ይታየው፣ ድምፃቸው እንደ በፊቱ አልጠና።

«ከጎንደር ሱዳን በእግሬ ሄጃለሁ» አሉ እማማ ሻሺ። «ሦስት ፎቅ አያቅተኝም።»

ሕንፃችን አሳንሰር የለውም። ደጋግፈን ወጣን። በየፎቁ ይቆማሉ፣ ጉልበታቸውን ያሻሉ፣ ይቀጥላሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጊዶን እንደ ልማዱ ቀረ። ማንም ቁም አላለውም፤ የአባዬን መሐላ ያውቃል።

አባዬ ኮቴ ሰምቶ በሩን ከፍቶ ቆሟል። የቤት ሹራቡን ነው የለበሰው። እማማ ሻሺን ሲያይ ፊቱ ድንጋይ ሆነ። እሳቸው ሁለት ደረጃ ሲቀራቸው ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አያ ወልደ ማርያም» አሉ፤ እያንዳንዷን ፊደል ሳይውጡ። «ቤት ለእንግዳ?»

«ማን ብለው ጠሩኝ?» አለ አባዬ።

«ወልደ ማርያም ብዬ። እናትዎ ባወጡልዎ ስም። ልጄ ሁሉንም ነግሮኛል። ያን ለት የተናገረው አፌ አፈር ይብላ።»

እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ የአባዬን ስም እንዲህ አድርጎ የጠራው ሰው አልነበረም።

«ቤት የእግዜር ነው። ይግቡ፣ እሜቴ» አለና ከበሩ ዘወር አለላቸው። ጋሽ ይታየውም ተከትለው ገቡ። ከዚያ አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ጉንፋንሽ ይኸ ነው? ሽማግሌ ሲመጣ ለአባት አይነገርም? እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ከዚያ በደረጃው መሀል ቁልቁል ተመለከተ።

«አንተ ልጅ፣ ና ውጣ።» ጊዶን ደፉ ድረስ መጥቶ ቆመ። «ላገባ ነው ይላል ይኸ። ለእኔ እንዲነገር የላክኸው ነው?»

«ልገባ ነው ለማለት ነበር፣ አባባ ወልደ ማርያም። ተሳስቼ ነው።»

«ማግባቱ ስሕተት ነው እያልከኝ ነው?»

ጊዶን እኔን አየኝ። ፀጉሬ የተንጨባረረ፣ ዐይኔ ያበጠ፣ የቤት ጫማ ያደረግኩ። እንደዚያ ቀን አድርጎ ግን አይቶኝ አያውቅም።

«አይ» አለ። «እሱስ ልክ ነው።»

አባዬ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝ። «በል መጀመሪያ ግባ። ማግባቱን ተቀምጠን እናወራበታለን።»

ጊዶን ጫማውን ጠረገ፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ ነው የጠረገው። ከዚያ ደፉን ተሻግሮ ገባ። እኔ በሩ ላይ ወረቀቱን ይዤ ቀረሁ። ጠመኔዬ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ያችን ላ ግን እስከ ዛሬ አላረምኳትም።